ራስ ሳይጠና ፌድ

«ራስ ሳይጠና ጉተና» ይላል ያገራችን ሰው፣ ነገር ሳይደርስ የሚቸኩለውን ለመገሠጽ። አባቴ ይህችን ተረት ስንት ጊዜ እንደተረተብኝ ቆጥሬ አልጨርሰውም። የገባችኝ ግን ባለፈው ሴሚስተር ነው፤ ያውም ክፍል ውስጥ ሳይሆን ፀጉር ቤት ወንበር ላይ። ይህ ቡለቲን ስለ ዜና አመራረጥ፣ ስለ ፕሬስ ሕግ፣ ስለ ሬዲዮ ፕሮግራም ብዙ የተጻፈበት ነው። እኔ ዛሬ ስለ ፀጉር ልጽፍ ነው። «ሁለተኛ ዓመት ደርሶ ስለ ፀጉር!» የምትሉ ካላችሁ እስከ መጨረሻው ታገሡኝ።

ነገሩ የጀመረው በቴሌቪዥን ዘገባ ልምምድ ነው። እያንዳንዳችን ካሜራ ፊት ቆመን የአንድ ደቂቃ ተኩል ዘገባ እንድናቀርብ ተነገረን። መምህራችን ስለ ድምፅ፣ ስለ አለባበስና ስለ አቋቋም ካስረዱን በኋላ እኔን አየት አድርገው «ያንተ ፀጉር ግን ከዜናው ቀድሞ ስክሪኑን እንዳይሞላው» አሉ። ክፍሉ አውካካ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ደግሞ እውነታቸውን ነው፤ ፀጉሬ ማበጠሪያ የሚሰብር ጎፈሬ ነበር።

ያልነገርኳቸው ነገር ግን አለ። ጎፈሬውን ያሳደግሁት ለፋሽን አልነበረም። ከግራ ጆሮዬ በላይ፣ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎ፣ የአንድ ብር ሳንቲም የምታህል ፀጉር የማይበቅልባት ቦታ አለችኝ። የሰባት ዓመት ልጅ እያለሁ ቆረቆር ያዘኝ። እናቴ ያልቀባችኝ ነገር የለም፤ ቅቤው፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ጎረቤት ያመጣው ቅጠል ሁሉ ተሞከረብኝ። ከብዙ ወራት በኋላ በሽታው ሲለቀኝ የያዘውን ፀጉር ይዞ ሄደ። ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤት ስሜ ቀርቶ «ቆረቆሬ» ሆንኩ። ያገሬን የደብረ ብርሃንን ብርድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ እናቴ በየዓመቱ መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ሄዳ «ልጄን ብርድ ይመታብኛል፣ ፀጉሩን እንዳታስቆርጡት» ብላ ትለምንልኝ ነበር። ብርዱ ሰበብ እንደሆነ እሷም እኔም እናውቃለን። አንድም ቀን ግን በአፋችን ተነጋግረንበት አናውቅም።

እናላችሁ፣ የዚያን ዕለት ማታ ዶርም ውስጥ ጉባኤ ተቀመጠ። አጀንዳው የእኔ ራስ ነው። ከላይ አልጋ ላይ የሚተኛው ጓደኛዬ ስልኩን አወጣና የአንድ ኳስ ተጫዋች ፎቶ አሳየኝ። ጎኑ ሙልጭ ብሎ ወደ ላይ እየጠቆረ የሚሄድ፣ አናቱ ላይ ችምችም ያለ ፀጉር። «ፌድ ተቆረጥ፣ አበቃ! አናቱ እንዳለ ይቀራል፣ ጎኑ ብቻ ነው የሚነካው» አለኝ። «አናቱ እንዳለ ይቀራል» የምትለዋ ቃል አታለለችኝ። ያቺ ቦታ ከአናቴ ወገን ትሁን ከጎኔ ወገን በመስታወት አይቼ አላውቅም። አሥራ አራት ዓመት የሸሸግሁትን ነገር የት እንዳለ እንኳ በወጉ አላውቅም ነበር ማለት ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሄድኩ። ፀጉር ቤቱ በሰው ተጨናንቋል፣ ሙዚቃው ያንባርቃል፣ ቴሌቪዥኑ ኳስ ያሳያል። ወረፋዬ ሲደርስ ፎቶውን አሳየሁት። ልጁ ገልመጥ አድርጎ አየና ጨርቁን አንገቴ ላይ አሠረ። በጩኸቱ መሀል አንድ ነገር ጠየቀኝ፤ «ከፍ ላድርገው?» ያለኝ መሰለኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። ማሽኑ ከግራ ጆሮዬ በላይ ሽቅብ ሲወጣ ተሰማኝ፤ ከዚያም ድንገት ቆመ። ልጁ ጎንበስ ብሎ «ወንድም፣ ይቺን ለምን አልነገርከኝም?» አለኝ።

ልቆጣው ፈልጌ ነበር። ግን በምን አፌ? እሱ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩትም። አንዴ ከወጣ በኋላ ደግሞ ቀኙም እንደ ግራው መሆን አለበትና ቀኙንም ሙልጭ አደረገው። ከፍዬ ወጣሁ። ዶርም እስክደርስ ድረስ ስልክ እንደሚያነጋግር ሰው መዳፌን በግራ ጆሮዬ ላይ ይዤ ነው የተጓዝኩት።

ሰኞ ቀረጻ ሆነ። ካሜራው ቀኝ ጎኔን ብቻ እንዲያይ ዞር ብዬ ቆምኩ። ዘገባዬ ስለ ተማሪዎች የቤተ መጻሕፍት አጠቃቀም ነበር፤ ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ረሳሁት፤ ሦስተኛውን ሁለት ጊዜ ደገምኩት። ሐሳቤ ሁሉ ከጆሮዬ ጀርባ ነበር። ቀረጻው ለክፍሉ ሲታይ መምህራችን «ተመልካቹን ለምንድን ነው በአንድ ጆሮህ የምታናግረው?» አሉኝ። ደግሞ ክፍሉ ሳቀ። ከክፍል ስንወጣ አንዷ ልጅ ቦታዋን አይታት ኖሮ «ምን ሆነህ ነው?» አለችኝ። «ልጅ ሆኜ ቆረቆር ይዞኝ ነው» አልኳት። «እህ፣ የኔ ወንድምም እንዲህ አለችው» ብላ ስለ ምሳ ማውራት ቀጠለች። አሥራ አራት ዓመት የፈራሁት ነገር ይኸው ነበር!

ያም ሆኖ ከእነ ራሴ መዞሩ ከበደኝ። አንድ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ አዝኖልኝ ይመስለኛል፣ እሱ ወደሚቆረጥበት ወሰደኝ። ሁለት ወንበር ብቻ ያላት ጠባብ ቤት ናት። ባለቤቱ ሃምሳውን ያለፉ ሰው ናቸው፤ ማሽኑን እስካሁን «ቶንዶስ» ነው የሚሉት። ስቀመጥ ማሽን አላነሡም። ሁለት እጃቸውን ራሴ ላይ አሳረፉና ሐብሐብ እንደሚመርጥ ሰው ከግንባሬ እስከ ማጅራቴ ዳበሱኝ። ከዚያ ሦስት ነገር ጠየቁኝ። «ሥራህ ምንድን ነው? በስንት ጊዜ መምጣት ትችላለህ? ራስህ ላይ ማወቅ ያለብኝ ነገር አለ?» ሦስተኛውን ሲጠይቁ ጣታቸው ቦታዋ ላይ ነበር። አውቀውታል። ግን ከአፌ እንዲወጣ ጠበቁኝ። ነገርኳቸው።

«እንግዲህ ስማ ልጄ» አሉና ፌድ ምን እንደሆነ ያስተማሩኝ የዚያን ቀን ነው። ቃሉ መደብዘዝ ማለት ነው። ፀጉሩ ከታች ከቆዳው ይነሣና ወደ ላይ ቀስ በቀስ እየወፈረ ይሄዳል፤ መሀል ላይ መስመር ከታየ ሥራው አልተሠራም። ከማሽኑ ጥርስ ላይ የሚገጠሙት ማበጠሪያዎች ቁጥር አላቸው። ቁጥር 1 ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ፀጉር ይተዋል፣ ቁጥር 2 ስድስት፣ ቁጥር 4 አሥራ ሦስት። ሠሪው ከታች በትንሹ ይጀምርና በየቁጥሩ መካከል የቀረውን መስመር እየደመሰሰ ይወጣል። «መስመር ማውጣት ማንም ያወጣል ልጄ፤ ቁም ነገሩ መስመሩን ማጥፋቱ ነው» አሉኝ።

ሦስት ዓይነት ከፍታ አለው። ዝቅተኛው ከጆሮ አንድ ጣት ያህል ከፍ ብሎ ማጅራትን ዞሮ ያልቃል። መካከለኛው በቅንድብ ትይዩ ይዞራል። ከፍተኛው እስከ ግንባር ጥግ ይወጣና አናቱን ብቻ ይተዋል፤ እኔ ፎቶ ይዤ የሄድኩት ይህን ነበር። «ያ ኳስ ተጫዋች ፊቱ ክብ ነው፤ ከፍ ሲል ፊቱን ያስረዝምለታል። ያንተ ፊት ራሱ ረጅም ነው። ደግሞም እሱ ሰው ቤቱ ድረስ እየመጣ ይቆርጠዋል፤ አንተን ማን ይመጣልሃል?» አሉኝ። ሁለተኛው ጥያቄያቸው ለምን እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። ፀጉር በወር አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል። በሁለት ሳምንት ግማሽ ሳንቲ ሜትር መሆኑ ነው። ስለዚህ በዜሮ የተነሣ ፌድ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከቁጥር 1 አልፎ ይሄዳል፤ ያ ሁሉ መደብዘዝ ይጠፋና የቀረው ተራ ያልተበጠረ ፀጉር ነው። በየሁለት ሳምንቱ መክፈል የማይችል ሰው ዜሮ መቆረጥ የለበትም። በቁጥር 1 የተነሣ ዝቅተኛ ፌድ ግን ሲያድግም አያስጠላም፤ ሦስት ሳምንት፣ ሲብስም ወር ያስኬዳል። በኮስት ሼሪንግ ለሚማር ሰው ትልቅ ዜና ነው!

ማጅራቴን ሲያዩ ደግሞ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከቅዳሜው ቁርጥ በኋላ ትናንሽ እብጠቶች ወጥተውብኝ ነበር። የእኛ ፀጉር ጥምዝ ስለሆነ ከቆዳው እኩል ሲላጭ ጫፉ ተመልሶ ቆዳውን ይወጋዋል፤ እብጠቱ ከዚያ ይመጣል። እየተደጋገመ ሲሄድ ጠባሳው እየጠነከረ የሚቀርበት ሰውም አለ። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ማጅራት ላይ ምላጭ አለማስነካት፣ ትንሽ ፀጉር መተው፣ እብጠቱንም አለመጭመቅ።

«አሁን ምንም አልቆርጥህም» አሉኝ በመጨረሻ። «አንድ ወር ተኩል ጠብቅ። ያን ጊዜ በዙሪያዋ ያለው ፀጉር አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ይሆናል፤ ጥምዝ ስለሆነ ይሸፍናታል። ፌዱን ከእሷ በታች እንጨርሰዋለን።» ልከፍል ኪሴ ስገባ እጄን መለሱኝ። አንድም ፀጉር አልነኩምና።

የጋዜጠኝነት ተማሪ ነኝና በዚህ የጥበቃ ጊዜ ስለ ፀጉር መጠያየቅና ማንበብ ጀመርኩ። በእጅ የሚያዝ የኤሌክትሪክ ማሽን የተስፋፋው አሜሪካዊው ሊዮ ዋል እ.ኤ.አ. በ1921 የፈጠራ መብቱን ካገኘ ወዲህ ነው። ጎንና ማጅራትን አሳጥሮ መቆረጥ እዚያ አገር የወታደር ወግ ነበር። የጥቁር አሜሪካውያን ፀጉር ቤቶች ግን የጥበብ ሥራ አደረጉት። በ1980ዎቹ መጨረሻ አናቱ እንደ ሳጥን የቆመ፣ ጎኑ የተደበዘዘ ቁርጥ የራፐሮች መለያ ሆነ፤ ዊል ስሚዝም እ.ኤ.አ. በ1990 በጀመረው ተከታታይ የቴሌቪዥን ኮሜዲው በየአገሩ ሳሎን ይዞት ገባ። ወደ እኛ ራስ የደረሰው እንዲህ እየተቀባበለ ነው።

ይህን ሁሉ አንብቤ ለፋሲካ ደብረ ብርሃን ስገባ አያቴ ግን በአንድ ቃል አፈረሱት። ከላይ እስከ ታች አዩኝና «አንተ ልጅ፣ በዚህ ዕድሜህ ቁንጮ ተሠራህ?» አሉኝ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ነገሩን ሳስበው አልተሳሳቱም። ዙሪያውን ላጭቶ አናት ላይ ፀጉር መተው ለእኛ መቼ አዲስ ሆነና? ሕፃኑ ቢሞት መልአክ በቁንጮው ስቦ ወደ ሰማይ ያወጣዋል እየተባለ ስንቱ ልጅ ቁንጮ ይዞ አድጓል። ጋሜ ነበረ፣ ሳዱላ ነበረ። አፄ ቴዎድሮስን ያለ ሹሩባቸው የሣለ ሠዓሊ ፈልጉ ብትሉኝ አላገኝም። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በዱር በገደል የተዋጉት አርበኞችም ጎፈሬያቸው ምስክራቸው ነበር። በአገራችን ራስ ላይ ያለ ፀጉር ሁልጊዜ አንድ ነገር ይናገራል፤ ዕድሜን፣ ሐዘንን፣ ጀግንነትን። የእኔ ጎፈሬ ብቻ ነው ዝም ለማለት ያደገው።

እናቴ ግን አልሳቀችም። ሰው ከተበተነ በኋላ ጓዳ ጠራችኝና «እስቲ ዙር» አለችኝ። ዞርኩ። ፀጉሩ ገና ሁለት ሳምንቱ ስለነበር ቦታዋ ፊት ለፊት ትታያለች። ጣቷን አሳረፈችባትና ብዙ ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «እኔ ነኝ እንዲህ ያደረግሁህ» አለች። «ጤና ጣቢያ ውሰጂው ሲሉኝ ሰው ቆረቆራም ልጅ አላት ይለኛል ብዬ አፈርኩ። ፀጉርህ ባደገ ቁጥር ሰው ያምራል ይለኛል፤ እኔ ግን ከሥሩ ያለችውን ነበር የማያት።»

ምን እንደምል ጠፋኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ የምሸሽገው የራሴን እፍረት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ እሷንም አብሬ ሸፍኜ ነው የኖርኩት! «እማዬ፣ ክፍል ውስጥ ሁሉም አይተውታል፤ ማንም ምንም አላለኝም» አልኳት። አለቀሰችና ሳቀች።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። በማግሥቱ ስምንት ዓመት የሆነውን ታናሽ ወንድሜን ፀሐይ ላይ አስቀምጬ በአዲሱ የፀጉር ዕውቀቴ ራሱን ስዳብስ ጣቴ ቆመ። ከኋላ ሁለት ክብ ቦታዎች፤ ቆዳው ቅርፊት ይዟል፣ ፀጉሩ ከሥሩ ተሰባብሮ ጥቁር ነጠብጣብ መስሏል። ለበዓል ተቆርጦ ነበር፤ ከዚያ ይሁን ከጓደኞቹ ኮፍያ ማን ያውቃል። እናቴ ስታየው ፊቷ ተለወጠ። የዚህን ጊዜ ግን ቅቤም ሽንኩርትም አልተነሣም። የበዓሉ ሰሞን እንዳለፈ ሦስታችንም ጤና ጣቢያ ሄድን።

የነገሩን ይህ ነው። ቆረቆር የሚመጣው ከፈንገስ ነው። ፈንገሱ የሚኖረው ፀጉሩ ሥር ውስጥ ስለሆነ የሚቀባ መድኃኒት ብቻውን አይደርስበትም፤ የሚዋጥ ክኒን ያስፈልገዋል። ለወንድሜ ግሪሲዮፉልቪን ታዘዘለት፤ ለሳምንታት ሳይቋረጥ የሚወሰድ። ማበጠሪያ፣ ፎጣና ኮፍያ ለየብቻ መሆን አለበት፤ በቤት ያሉ ሌሎች ልጆችም ይታዩ። ሳይቆይ ከታከመ ፀጉሩ አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ ይበቅላል። ክኒኑ ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ የበለጠ ይሠራል ሲሉን እናቴና እኔ ተያየን። ቅቤው ከብዙ ዓመት በኋላ ትክክለኛ ቦታውን አገኘ፤ ከራስ ወደ አፍ ወረደ።

ከዚያ ወዲህ በዶርማችን የታወቅሁት «ባለ አልኮሉ» በሚል ስም ነው። አራታችን ተዋጥተን የገዛናት ማሽን አለች፤ በየሳምንቱ የጆሮና የማጅራት ጠርዝ ብቻ እንነካካባታለን፤ ፌዱን የሚሠራው ባለሙያ ነው። የቤቱ ሕግ እንዲህ ነው። ከአንዱ ራስ ወደ ሌላው ራስ ስትሄድ መጀመሪያ ጥርሷ መካከል የተሰገሰገው ፀጉር በብሩሽ ይራገፋል፤ ፀጉር ባለበት አልኮል ብቻውን አያፀዳምና። ከዚያ በአልኮል ትጠረግና እስክትደርቅ ትቀመጣለች። ማበጠሪያና ፎጣ የግል ነው። ራሱ ላይ ቁስል ወይም ቅርፊት ያለው ሰው ከማሽኗ በፊት ሐኪም ያያል። ጓደኞቼ መጀመሪያ ቀልደውብኝ ነበር። የወንድሜን ታሪክ ስነግራቸው ግን አልኮሉን ለመግዛት ብር ያዋጣው ያ የላይኛው አልጋ ልጅ ነው።

ወር ተኩሉ ሲሞላ ወደ ሽማግሌው ተመለስኩ። ቃላቸውን ጠበቁ፤ በቁጥር 1 የተነሣ ዝቅተኛ ፌድ፣ ከቦታዋ በታች ያለቀ። ሲጨርሱ ትንሽ መስታወት ከኋላዬ ያዙልኝ። ቦታዋ አትታይም። የት እንዳለች ግን አሁን በደንብ አውቃለሁ። ክፍያውን ስሰጣቸው «ጋሼ፣ ለልምምድ ዘገባ ቃለ መጠይቅ ላድርግዎ?» አልኳቸው። ፈቀዱልኝ። የሴሚስተሩ የመጨረሻ ዘገባዬ ፀጉር ቤቶች ከደንበኛ ደንበኛ መሣሪያቸውን እንዴት እንደሚያፀዱ ሆነ።

ለእሳቸው ያዘጋጀኋቸውን ጥያቄዎች ሳይ የእሳቸው ሦስት ጥያቄዎች ናቸው ትዝ ያሉኝ። መጠየቅ፣ መዳበስ፣ ሰውዬው በራሱ አፍ እስኪናገር መጠበቅ፤ ማሽኑ የሚነሣው ከዚያ በኋላ ነው። እኛም ነገ በሰው ታሪክ ላይ ማሽን የምናነሣ ሰዎች ነን። ያ ቅዳሜ የገጠመኝ ልጅ እጁ ፈጣን ነበር፤ ራሴን ግን አላጠናውም። እኔም ራሴን አላጠናሁትም ነበር። የአባቴን ተረት ዛሬ ቃሉን ጠበቅ አድርጌ ነው የማነበው።

የቀረጻው ቀን ካሜራውን የያዘችው ያቺ «ምን ሆነህ ነው?» ያለችኝ ልጅ ነበረች። ትራይፖዱን እያስተካከለች «በየት በኩል ላንሣህ?» አለችኝ።

«ደስ ባለሽ በኩል» አልኳት።